መርዶ የደበቀ ግንበኛ

ከመካነ ሰላም ተነሥቼ ባሕር ማዶ ድረስ ድንጋይ ልደረድር ሄጄ ነበር። እኛ ጋ ድንጋይ አልቆ አልነበረም። የፈረሰ ነገርም አልጠፋም፤ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ፣ ነፋስ ቆርቆሮውን የገፈፈው ትምህርት ቤት፣ ሆዱ ተነፍቶ ለመውደቅ ቀን የሚጠብቅ የእህል መጋዘን፣ ሁሉም በየደጃችን አለ። ግን የእኛ ፍርስራሽ የራሳችን ጉዳይ ነው። የሰው አገር ፍርስራሽ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክት ደግሞ ሄልሜት አለው፣ ሥልጠና አለው፣ የሽኝት ሥነ ሥርዓት አለው።

ሽኝቱ የተደረገልን በከተማችን አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በአንድ ዐረብ አገር ተራራ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታቸውን ያፈረሰባቸውን ሰዎች መልሰን ልናቋቁም ከየወረዳው የተውጣጣን አሥራ ሁለት ባለሙያዎች፣ ልኩ አንድ ብቻ የሆነ ቲሸርት ለብሰን ከፊት ተደረደርን። አንድ ኃላፊ ስለ አገር ገጽታና በዚያ ምድር ስለምናሳርፈው አሻራ ብዙ ተናገሩ። በንግግሩ መካከል ዝናብ መጣና ጣሪያው ያፈስ ጀመር። ማንም አልደነገጠም። በሚያፈስበት በኩል የተቀመጡት እንግዶች ልምድ ስላላቸው ወንበራቸውን ወደ ግራ ፈቀቅ አደረጉ። ከአሥራ ሁለታችን አራቱ የጣሪያ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩም። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከእኔ ጋር ከመካነ ሰላም የተመረጡት ሌላው ግንበኛ፣ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ናቸው። ስም መጥራት ስለማልፈልግ ጋሼ ልበላቸው፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንዲሁ ነው። ጋሼ መጀመሪያ በሙያ ብቃት ምዘናው ወድቀው ነበር። ፈተናው ላይ የውሃ ልክ ሥዕል ተሥሎ ከሥሩ ስሙን ጻፉ ይላል። ጋሼ ፊደል አይሆንላቸውም። ለመዛኙ፣ «ዕቃውን ስጠኝና ልሥራበት» አሉት። መዛኙ ሥዕል መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቸው። እሳቸው ያስተማሩኝን ሁሉ እኔ ጽፌ በከፍተኛ ውጤት አለፍኩ። ኋላ ላይ የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ከተማችን መጥቶ አንድ የድሮ ግንብ አየና የሠራው ሰው ካልመጣ አልሄድም አለ። የሠሩት ጋሼ ነበሩ። ወረቀቱ በአንድ ቀን ተገኘ።

የጋሼ መንደር ከከተማው ወረድ ብሎ ከአንድ ወንዝ ማዶ ነው። የወንዙን ድልድይ ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት ጎርፍ ወስዶታል። መንደርተኛው ማመልከቻ አስገባ፤ የተመደበ ባለሙያ የለም ተባለ። ጋሼ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ ብለው ቢሮ ድረስ ሄዱ። ያለ ጥናት አይሠራም አሏቸው። ጥናቱ እስኪመጣ ሰው በበጋ በድንጋይ ላይ እየዘለለ፣ በክረምት ገመድ ይዞ ይሻገራል። እኛም ባለሙያ ከሌለበት አገር ሁለት ባለሙያ ሆነን ወጣን።

ከመሄዳችን በፊት የሁለት ቀን ሥልጠና ነበር። ርዕሱ ረጅም ነው፤ ባጭሩ ግን አደጋ የደረሰበትን ሰው እንዴት እንደምናናግር ነው ያስተማሩን። አሠልጣኟ ክፉ ወሬ ሲነገር በግልጽ ቃል፣ ሳይዘገይ፣ ጎን ተቀምጦ መሆን አለበት አለች። ጥንድ ጥንድ ሆነን ተለማመድን። እኔ በጣም ጥሩ ስለተናገርኩ እንደገና ተነሥቼ ለሁሉም እንዳሳይ ተደረግሁ። የምስክር ወረቀቱ አሁንም ቤቴ ተሰቅሏል።

እዚያ ስንደርስ ያገኘነው ተራራ ከእኛ ደጋ እምብዛም አይለይም። ገብስ አለ፣ ብርድ አለ፣ ካብ አለ። ሰዎቹ በድንኳን ነው የሚኖሩት። አስተርጓሚያችን ስምንት ዓመት በዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች የአቀስታ ልጅ ነበረች። በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ «የቋንቋ ባለሙያ» ተብላ ተጽፋለች። እሷ ራሷ፣ «ዐረብኛውን የተማርኩት በመጥረጊያ ነው» ትል ነበር።

በመጀመሪያው ጠዋት ጋሼ መዶሻ አላነሣም አሉ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው፤ ምን ጎደለ ብሎ ደነገጠ።

«ሰው የሞተበት ደጅ ገብቶ ድንጋይ ማንኳኳት ነውር ነው» አሉ ጋሼ። «በመጀመሪያ ለቅሶ እንድረስ።»

አስተባባሪው ሰዎቹ ከሞቱ ወራት እንዳለፋቸው አስረዳ። ጋሼ እኛ የመጣነው ዛሬ ነው አሉት። ስለዚህ አሥራ ሁለት ባለሙያዎች ከነሄልሜታችን ከድንኳን ድንኳን እየገባን ዝም ብለን ተቀመጥን። ጋሼ ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ሲነሡ አይዟችሁ ለማለት በወሎኛ፣ «አብሽሩ» ይላሉ። ሰዎቹ ቀና ብለው ያዩዋቸዋል፤ ቃሉ የእነሱም ነው። አንዲት ባሏ ቤቱ ተደርምሶበት የሞተባት ሴት የጋሼን እጅ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ማታ አስተርጓሚዋ የዕለቱን ሪፖርት አነበበችልን። «የመጀመሪያው ቀን፦ ሥራ አልተሠራም» ይላል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ጥሩ ሄደ። እኔና ጋሼ የተመደብነው የዚያችን ሴት ቤት እንድንሠራ ነበር። መሐንዲሱ ማዕዘን ላይ ድንጋይ እንዴት እንደሚቆላለፍ በኮምፒውተር ሥዕል አስረዳቸው። ጋሼ በአክብሮት ሰምተው ሲጨርስ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ነው» አሉት። ከዚያ ወትሮ እንደሚሠሩት ሠሩ። መሐንዲሱ ቶሎ ስለገባቸው ተደሰተ።

ከሴትየዋ ቤት በታች ገደል ቢጤ አለ። ክረምታቸው ሳይገባ የመንደሩ ፍየሎች ወደ ግጦሹ የሚሻገሩበት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ይሠራ ተባለ። በስድስት ቀን ሠራነው። ጥናት የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ያለቀው ማክሰኞ ቀን ነበር። የመንደሩ ሰው ወጥቶ ፍየሎቹ ሲሻገሩ ያያል። አንዷ መሀል ላይ ደርሳ ቀጥ አለችና ወደኋላ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቺ ጥናቱ ይቅረብልኝ እያለች ነው» አልኳቸው።

ጋሼ መዶሻቸውን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ሴትየዋም የሚያስቃቸውን ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

በማግስቱ ረቡዕ የጋሼ ትልቁ ልጅ በእኔ ስልክ ደወለ። እናቱ ሰኞ ደረቷን ያዛት። ማክሰኞ ጠዋት በቃሬዛ ተሸክመው ወረዱ። ከከተማ የተላከው አምቡላንስ በሰዓቱ ደርሷል፤ በዚህ ማንንም አንወቅስም። የቆመው ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ገመድ እስኪዘረጋ፣ ዋናተኛ እስኪፈለግ፣ እዚያው ቃሬዛው ላይ አረፈች። አምቡላንሱ ጥቂት ቆሞ ተመለሰ።

«አሁን ቀብረን ገባን» አለኝ። «አደራህን፣ ለአባባ እንዳትነግረው። እዚያ ማን ይይዘዋል? ዘመድ በሌለበት መርዶ አይነገርም። ሲመጣ እኛው በወጉ እናረዳዋለን።»

እሺ አልኩት። ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። መርዶ እኛ ጋ ወግ አለው፤ ማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ባሕር ማዶ፣ በምናድርበት ኮንቴይነር ቤት፣ በሄልሜት ወግ የለም። ይህን ሁሉ ለራሴ እየነገርኩ ወደ ግንቡ ተመለስኩ። ጋሼ፣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉኝ። «ዝናብ ብቻ» አልኳቸው።

ውላችን ላይ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ሠራተኛ በሁለት ቀን ውስጥ ወደ አገሩ ይመለሳል የሚል አንቀጽ እንዳለ አውቅ ነበር። አንብቤዋለሁ፤ ምዘናውን በከፍተኛ ውጤት ያለፍኩ ሰው አይደለሁ? ብነግራቸው ኖሮ ለሰልስቱ ባይሆን እንኳ በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤታቸው ይደርሱ ነበር። አልነገርኩም።

ጋሼ እሑድ እሑድ ወደ ቤት ይደውላሉ። በመጀመሪያው እሑድ ልጃቸው እናቴ ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይገባም አላቸው። ጋሼ ደስ አላቸው።

«ጉልበቷን ነው» አሉኝ ስልኩን እየመለሱልኝ። «ስንት ዓመት ሂጂ እላታለሁ። እኔ ስሄድላት ጊዜ አገኘች።»

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ግንብ መሆኑ ቀረ። ማሳቅ ሆነ። ዝም ካሉ ያስባሉ፣ ካሰቡ ይጠረጥራሉ ብዬ ከጠዋት እስከ ማታ አፌ አይዘጋም። አስተባባሪው ሰዓቱን ሲያይ እያስመሰልኩ አሳያቸዋለሁ። የሽኝቱን ንግግር በዚያው ድምፅ፣ መሀል ላይ ወንበር ወደ ግራ እየፈቀቅሁ እደግምላቸዋለሁ። መዛኙን፣ ሥዕሉን፣ ያቺን ፍየል ደጋግሜ አመጣቸዋለሁ። ጋሼ ይስቃሉ። «አንተ ባትኖር እዚህ አገር በብቸኝነት እሞት ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። ጨጓራዬን ነው አልኩ።

አስተርጓሚዋ የሆነ ነገር እንዳለ ነቃች። እኔን ብቻ ፈልጋ በውሃ ታንከሩ በኩል ያዘችኝ። ነገርኳት።

«ንገራቸው» አለች ወዲያው።

«ዘመድ በሌለበት? መርዶ እኮ ወግ አለው።»

«ወጉ ለማን ነው?» አለችኝ። «እኔ በሰው አገር ሰው ቤት ስሠራ አባቴ ሞተ። ልጅቱ ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች ብለው ደበቁኝ። ዓይኑን ያመው ስለነበር መነጽር ገዝቼ ላክሁ። ለሞተ ሰው። ተስማማው ወይ እያልኩ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ፣ በጣም፣ ይሉኝ ነበር። በጣም ተስማማው፣ ይመርቅሻል።»

ቀልድ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም። ልጆቻቸው አደራ ብለውኛል፣ የእኔ ነገር አይደለም አልኳት። እንግዲያው እኔ ልንገራቸው ወይ አለች። ተቆጣሁ። ከተናገርሽ እኔና አንቺ አንተያይም አልኳት። ጥላኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼን ሰላም ስትል ጉልበታቸውን ትነካለች፤ እሳቸውም ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት ይሉኛል።

የሴትየዋ ቤት አለቀ። የርክክቡ ቀን ባለ ካሜራዎች መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ አስተባባሪው ከታቀደው ጊዜ ቀድሞ ስላለቀ ከሁሉም ጋር ተጨባበጠ። ሴትየዋ ግን ካሜራውን ትታ ወደ ጋሼ መጣች። በእጇ አዲስ ሻርፕ ይዛለች። አስተርጓሚዋን ጠርታ ይህን ለባለቤታቸው ይስጡልኝ፣ ስንት ልጆች ወልደዋል፣ መቼ ነው የተጋቡት ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ሻርፑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ጠጉሬ ጥቁር ሳለ ነው በላት» አሉኝ፤ ሲደሰቱ አስተርጓሚዋን ትተው በእኔ በኩል ነው የሚያወሩት። «እሷ ባትኖር እኔ ሰው አልሆንም ነበር። አሁን ጠበል ላይ ናት፣ ጉልበቷ ሲሻላት እዚህ ድረስ መጥታ ታመሰግንሻለች በላት።»

አስተርጓሚዋ መተርጎም ጀመረች። ጠበል የሚለው ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴትየዋ ግራ ገብቷት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት ጋሼ። «የአገር ናፍቆት ነው፣ ነገ እንገባለን።» ወደ እኔም ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ምን ቆመሃል? አጫውታት እንጂ» አሉኝ።

አጫወትኳት። ስለ ምን እንደነበረ አላስታውሰውም፤ ጋሼ መሳቃቸውን ብቻ አስታውሳለሁ።

ከደሴ በአውቶቡስ ተነሣን። አስተርጓሚዋ አቀስታ ወረደች። ጋሼን ስማ፣ ለእኔ እጇን እንኳ ሳታነሣ ሄደች። ጋሼ መንገዱን ሙሉ በመስኮት በኩል የገብሱን ማሳ እያዩ ዘንድሮ መልካም ነው ይላሉ። ሻርፑን እንዳይጨማደድ ከቲሸርቱ ጋር ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘውታል። እሑድ ማታ መካነ ሰላም ገባን። ልጃቸው ወንዙ ሞልቷል፣ ዛሬ እዚህ ዘመድ ቤት እንደር አላቸው። ወንዙ እውነትም ሞልቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ቀን የተነገራቸው አንድ እውነት ይህ ነው።

ሰኞ ማለዳ ተሰብስበን ሄድን። ሽማግሌዎች ከፊት፣ የሚይዟቸው ጎልማሶች ከኋላ። እኔ ከኋለኞቹ ጋር ነበርኩ። ጋሼ ልብሳቸውን ለብሰው ለመንገድ ተዘጋጅተው በር ላይ አገኘናቸው። ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ማንም ሳይናገር ገባቸው። ሁሉም በወጉ ተደረገ። የሚይዝ እጅ ሞልቶ ነበር፤ ሦስት ሰው ያዛቸው። ከሰው በላይ ሲጮኹ እኔም ጮህኩ። የእኔን ጩኸት የሰማ መርዶውን ገና ያን ጊዜ የሰማሁ ይመስለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ቀዝቀዝ ሲል ጋሼ በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ጠፍቷል።

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ነው ጋሼ።»

«የቱ ማክሰኞ?»

«ድልድዩን የጨረስን ዕለት።»

የፍየሎቹን ድልድይ እንዳሰቡ አውቄአለሁ፤ ሌላ ድልድይ አብረን አልሠራንም።

«ልጅቱ ለዚህ ነዋ ያለቀሰችው» አሉ።

«አዎ።»

«አንተስ? መቼ ሰማህ?»

መዋሸት እችል ነበር። በዚያ ወር ከተማርኩት ሙያ ሁሉ ጠንቅቄ የማውቀው እሱን ነው። ልጃቸው ከወዲያ ሆኖ ያየኛል፤ ትናንት ነው በል የሚል ይመስላል።

«በማግስቱ» አልኳቸው። «ረቡዕ።»

ጋሼ የግንብ ረድፍ ሲቆጥሩ እንደሚያደርጉት አውራ ጣታቸውን በየጣታቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ቆጠሩ። አልቸኮሉም። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን አሳቅኸኝ» አሉ።

ዘመድ በሌለበት እንዳይሆን ብዬ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እዚያ ዘመዳቸው እኔ ነበርኩ።